የጋሽ ደምሴ ፍራሽና የእኔ አውራ ጣት

መጀመሪያ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ አይደለም። አራተኛ ክፍል ያስተማረኝ መምህር ደብተሬን ገልጦ አይቶ፣ «እዚህ ላይ ዶሮ ሄዳበታለች እንዴ?» ብሎኛል። ፊደልም እገድፋለሁ። «ሀ» ስንት ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው የት እንደሚገባ ግን እስካሁን በግምት ነው። አፌን የፈታሁት በካፊኖኖ ነው። አማርኛውን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከማስታወቂያ ነው የለቀምኩት። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩትም እንደ ምንም ነው። እንግዲህ የጎደለውን እናንተ እየሞላችሁ አንብቡልኝ።

ከማስታወቂያ ስላችሁ አትሳቁ። በቦንጋ ከተማ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ለምን መሰላችሁ? ማስታወቂያውን የማሳልፈው እኔ ስለሆንኩ ነው።

አጎቴ ጋሽ ወልዴ ቪዲዮ ቤት አላቸው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ቤት፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። አንቴናም አለን፤ ግን ዝናብ ከመጣ እንደ ጉንዳን ከሚርመሰመስ ነጠብጣብ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ቦንጋ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው? ስለዚህ ጅማ ያሉት የአጎቴ አማች የእሁዱን ድራማ በካሴት ቀድተው በአውቶቡስ ሾፌር ይልኩልናል። እኛ የምናየው ቅዳሜ ነው። አንዳንዴ ድራማው ውስጥ ያለው በሽተኛ እሁድ ዕለት ሞቶ፣ በአገሩ ሁሉ ተለቅሶለት፣ እኛ ግን እስከ ቅዳሜ «ይሻለዋል» እያልን እንጠብቃለን።

አማቹ ሲቀዱ ማስታወቂያውንም አብረው ይቀዳሉ። ታዲያ ድራማው ልብ ሲሰቅል፣ ልጅቷ በሩን ልትከፍት ስትል፣ ብቅ የሚለው ማነው? ሳሙና። ያኔ ቤቱ በአንድ አፍ «አስሩጪው!» ይላል። ሪሞቱ በእጄ ነው፤ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ድምፁ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ መስመር ይጋደማል፣ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ እሳት እንደተነሳባት ትሮጣለች። ሸሚዙ ሳይነከር ይደርቃል።

የሳሙናው ፋብሪካ ባለቤት አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለዚያች አንድ ደቂቃ ስንት እንደሚከፍል አላውቅም። ብዙ ነው ይላሉ። ሴትየዋን አስውቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ገዝቶ፣ ዘፋኝ ቀጥሮ፣ ያ ሁሉ ተለፍቶ ተለፍቶ ቦንጋ ሲደርስ ከደካ ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ በአንድ ጣቷ ታጠፋዋለች። ባለቤቱ ይህን ቢሰማ ምን ያደርግ ነበር? እኔን ሳይሆን አውራ ጣቴን የሚቀጥራት ይመስለኛል። ሥራዋ ምን ይሆናል? ዝም ብላ መቀመጥ።

ግን አንድ ያልታወቀለት ነገር አለ። ማስታወቂያ ዝም ብሎ ሲታይ የሚያየው ሰው የለም። አንዱ ቆሎ ይገዛል፣ አንዱ ጓሮ ይወጣል፣ ሌላው የጎረቤቱን ሚስት ያማል። ለማሳለፍ ግን ማየት ግድ ነው። ዓይኔን ከነቀልኩ ድራማው ላይ እገባና «ማነው በጥፊ የመታው? መልሺ!» እያሉ ይጮሁብኛል። ስለዚህ ዓይኔን ሳላርገበግብ ነው የማየው። እስከ ዛሬ ያለፈውን ሳሙና፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሁሉንም ከነቅደም ተከተሉ አውቀዋለሁ። ባለፋብሪካዎቹ በከተማችን ያላቸው አንድ ታማኝ ተመልካች የምታሳልፋቸው ልጅ ናት። እሷ ደግሞ የጥርስ ሳሙና የምትገዛበት የላትም፤ ጥርሷን የምትፍቀው በመፋቂያ ነው።

ሰውስ ማስታወቂያ ውስጥ የሚያየው ምኑን ነው? እቃውን እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ መምህር ሰለሞን የሚባል የሒሳብ መምህር አለ። አንድ ቅዳሜ የጫማ ማስታወቂያ እያስሮጥኩ ሳለ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ «አቁሚ! መልሺ መልሺ!» አለ። ደነገጥኩና መለስኩ። ጫማ ያደረገው ሰውዬ በአንድ መንገድ ላይ ይራመዳል፤ ከኋላው አንድ ቡናማ ውሻ ተኝቷል። «ቡቺ ነው! የእኛ ሰፈር ውሻ ነው! አልሞተም ማለት ነው!» አለ መምህሩ። አራት ጊዜ አስመለሰኝ። ቤቱ ሁሉ ለቡቺ ጤና ተደሰተ። ኋላ አንድ ሰው «ጫማው እንዴት ነበር?» ሲለው «የቱ ጫማ?» ብሎ መለሰ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ። ዓይን አፋር ነኝ። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰላምታ ሲሰጡኝ የምመልሰው ለመሬቱ ነው። ከደካ ወደ አጎቴ ዘንድ የመጣሁት ዘጠነኛ ክፍል እዚህ እንድማር ነው። አጎቴ ግን ቃላቸውን በቅድመ ሁኔታ ነው የሰጡኝ። «ክረምቱን እኔን ታግዢኛለሽ። ሰው አፍ ውስጥ ሳትገቢ መስከረም ከደረሰ አስመዘግብሻለሁ። ስምሽ በከተማው አንድ ቀን ከተነሳ ግን በማግስቱ ደካ ነሽ» አሉኝ። ቪዲዮ ቤት የምትሠራ ሴት ልጅ ስሟ ቶሎ ይነሳል ብለው ይሰጋሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላዬን እንኳ ሰው እንዳያያት ከግድግዳ ጋር ተጠግቼ ነው የምሄደው።

እንዲህ እየኖርን ጋሽ ደምሴ መጡ።

ጋሽ ደምሴ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። አንድ ጊዜ ለእቃ አዲስ አበባ ሄደው አንድ ነጋዴ «ማስታወቂያ የማያሠራ ነጋዴ በጨለማ የሚጠቅስ ሰው ነው» አላቸው። እሳቸውም ይህን ይዘው መጥተው አጎቴን «የኔ ፍራሽ በድራማው መሀል ይግባልኝ» አሏቸው። ተስማሙ። ውሉን የጻፉላቸው ግብርና ቢሮ የሚሠሩት አቶ መኮንን ናቸው። አቶ መኮንን የቢሮ ሰው ስለሆኑ «ደህና አደራችሁ» ለማለት እንኳ «ጉዳዩ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ውሉ ላይ «ማስታወቂያው በየሳምንቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆራረጥ ይታያል» ብለው ጻፉ። ማህተም ስለሌለ በእሳቸው አውራ ጣት ታተመ። የዚህ አገር ነገር ሁሉ በአውራ ጣት ነው።

ከጅማ ሰርግ የሚያነሳ ባለ ካሜራ መጣ። ጋሽ ደምሴ ሱፍ ለበሱ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ፀጉራቸውን ተሠሩ። እኔ የካሜራውን ገመድ እንድይዝ ተላክሁ። ጋሽ ደምሴ ከፍራሹ አጠገብ ቆመው ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ በመዳፋቸው ጫን ያደርጉታል፣ ቁጭ ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ቁጭ ይላሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ፤ ሰው እንዳይጠራጠር። ከዚያ እትዬ አስካለ ይጋደማሉ። መርፌ እንደሚወጋ ሰው ተገትረው ተጋደሙ። ጋሽ ደምሴ ብርድ ልብስ ያለብሷቸዋል። በቃ፣ ይሄው ነው። ሁለት ደቂቃ።

ካሴቱ ሲመጣ አጎቴ ከጀርባው ያለችውን ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ «ትሰበር፤ ካልተሰበረች በስህተት ሌላ ነገር ሊቀዳበት ይችላል» አሉ። ጋሽ ደምሴ ተቆጡ። «አዲስ እቃ ገዝቼ ለምን ይሰበርብኛል? እኔ የተሰበረ ነገር ሸጬ አላውቅም!» አሉ። ፕላስቲኳ ሳትሰበር ቀረች። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለም። ባለ ካሜራው በዋናው ላይ በማግስቱ ሰርግ አነሳበት።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቱን ስጠርግ ካሴቱን ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። ምን እንዳየሁ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ድፍረቱን ካገኘሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤቱ ሞልቷል። ጋሽ ደምሴ አልመጡም። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሱቅ ተዘግቶ ማስታወቂያ ይታያል? አጎቴ በር ላይ ናቸው። ድራማው መሀል ላይ ሲደርስ አቆምኩና የጋሽ ደምሴን ካሴት ከተትኩ። የሚገርመው ያን ቀን «አስሩጪው» ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያውቁትን ሰው በቴሌቪዥን ለማየት ጸጥ ብሎ አንገቱን አስግጓል። ታዲያ ምን ሆነ? አስሮጥኩት። አውራ ጣቴ ራሷ ሄደች።

ጋሽ ደምሴ ፈንዲሻ ሆኑ። ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ፍራሹ ወደ ላይ የሚወረውራቸው ነው የሚመስለው። እትዬ አስካለ ከየት መጡ ሳይባል ተዘረሩ። ብርድ ልብሱ እንደ ጭልፊት መጥቶ አረፈባቸው። ቤቱ ፈረሰ። ሰው ከአግዳሚ ወደቀ። መምህር ሰለሞን ዓይኑን እየጠረገ «ድገሚው! እንደዚሁ አስሩጠሽ ድገሚው!» አለ። አጎቴ በር ላይ ሆነው ሳቁን ሲሰሙ ማስታወቂያው ተወደደ ብለው ደስ አላቸው። ውሉም አልፈረሰም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆራረጥ ታይቷል። በምን ፍጥነት የሚል የለበትም።

ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ። ድራማውን ትተው ፍራሹን ለማየት የሚመጡ ተገኙ። ከዋጫ መጥተው አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ ጎራ ይላሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት ተረት እኛ ቤት አይሠራም። እንቁላሉም ቢሆን ካላስሮጡት የሚያየው የለም።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ሰው ስቆ ብቻ አልቀረም። አመነ! «ፍራሹ ግን ኃይለኛ ነው፤ አይታችኋል አነሳሱን?» መባባል ጀመረ። በሩጫ መሆኑንስ አያውቁም ወይ ትሉኛላችሁ። ያውቃሉ። ግን የሳሙናዋ ሴትዮም ስትሮጥ ያየናት እኮ የምር ታጥባለች። የሮጠው ሰውዬው ነው እንጂ ፍራሹ አልተነካም ብለው አሰቡ መሰለኝ። ደግሞ በዝግታ ያየው የለ፣ በምን ያመዛዝኑት?

ሱቁ ሞላ። አቶ መኮንን ራሳቸው ሄዱ።

«ያ ያዘለለዎት ፍራሽ አለ?» አሏቸው።

«አለ እንጂ!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«በትክክል ያዘልላል?»

«የኔን ፍራሽ! እንኳን እርስዎን አያትዎንም ያዘልላል!»

ጋሽ ደምሴ ማስታወቂያቸውን በቴሌቪዥን አይተውት አያውቁም። «ያዘልላል» ሲባሉ ለማሞገስ የተባለ መሰላቸው። ደግሞስ ሻጭ የገዢን ውዳሴ ይቃወማል?

አቶ መኮንን ፍራሹን ቤታቸው ወስደው መሬት ላይ ዘረጉት። ኮታቸውን አወለቁ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ እንደ ጋሽ ደምሴ ሊቀመጡ ዘለሉ። ወደ ላይ የወጣው ጩኸታቸው ብቻ ነው። ጎረቤት ደርሶ አነሳቸው። በማግስቱ ወገባቸውን ይዘው፣ በዱላ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ጉዳዩ፦ ፍራሹ በማስታወቂያው የተገለጸውን ስፔሲፊኬሽን አያሟላም» አሉ።

«ምን አጠፋ?»

«አያዘልልም!»

«ፍራሽ ለምን ያዘልላል? እንቁራሪት መሰለዎት?»

«እርስዎ ሲዘሉ በዓይናችን አይተናል! ባለቤትዎም ያሉበት ነው!»

ጋሽ ደምሴ ዘልለው እንደማያውቁ ማሉ፣ ተገዘቱ። አቶ መኮንን ጮሁ። ሌሎች ሁለት ገዢዎችም «እኛንም አታለሉን» ብለው መጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ በሁለት ቀን ጋሽ ደምሴ በከተማው ሌባ ተባሉ። እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፈሩ። ሰላሳ ዓመት ሚዛን ሳያዛቡ የሸጡ ሰው ናቸው እንግዲህ። ነገሩ እድሩ ዘንድ ደረሰ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብሬ ንብ ያረባሉ፤ አማርኛቸው ጥቂት ናት፤ እሷንም እንደ ማር በጭልፋ ነው የሚሰጧት። ሁሉን ሰምተው «ካሴቱ ይታይ» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ደስ አላቸው። «ይታይ! ሁሉም ይይ! አንዴ እንኳ ከዘለልኩ ሱቄን ይዝጉት!» አሉ።

እኔ ይህን የሰማሁት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ነው። ጄሪካኑን አስቀምጬ ቆምኩ። ካሴቱ ሊታይ ነው። ቀስ ብሎ ሊታይ ነው። በሽማግሌ ፊት፣ ከተማው ሁሉ ባለበት፣ በአጎቴ ዓይን ፊት። መስከረም ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ከፊት ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አቶ መኮንን ወገባቸው ስለማይታጠፍ ቆሙ። ጋሽ ደምሴ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ፤ ያንኑ ሱፍ፤ ለማስረጃ። በሩም መስኮቱም ሰው ነው። አጎቴ ሪሞቱን ሰጡኝና «እንደ ተቀዳው፣ ሳታስሮጪ» አሉኝ። ጋሽ ገብሬም ዞረው «ልጄ፣ በሰው እግር» አሉኝ። በሰው እርምጃ ማለታቸው ነው።

ካሴቱን ከተትኩ። ዴኩ ላይ ጎንበስ አልኩና ቁልፍ ነካሁ።

ጉንዳን መጣ። ሹሹሹ የሚለው ነጭና ጥቁር።

ሽማግሌዎቹ የማስታወቂያው መጀመሪያ መሰላቸው። በአክብሮት ተመለከቱ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ዝናብ ነው?» አሉ። «አዎ» አሉ ሌላኛው፣ «እውነትም እዚሁ ቦንጋ ነው የተነሳው፤ ዝናቡ ያስታውቃል።» ጋሽ ደምሴ ከዝናቡ ውስጥ እስኪወጡ ሁላችንም ጠበቅን። ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ሁለት ደቂቃ እንዲያ ረጅም እንደሆነ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ መምህር ሰለሞን ጠጋ ብሎ ዴኩን አየና «ኧረ እየቀዳ ነው! ቀይዋ መብራት በርታለች! አንቴናውን እየቀዳበት ነው!» አለ። ካሴቱን አወጡ፣ መለሱ፣ ከፈቱ። ዝናብ። ጋሽ ደምሴ የሉም።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ግን የተቆጡት እኔን አይደለም። «ፕላስቲኳ ትሰበር ብዬ አልነበረም? ልጅ ናት፤ ቁልፎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ትሳሳታለች» አሉ። ጋሽ ደምሴ ግድግዳውን ተደገፉ። ሱፋቸው ሰፋባቸው።

ጋሽ ገብሬ ሁለቱም እንዲምሉ አዘዙ። አቶ መኮንን በእናታቸው ማሉ፦ ሲዘሉ አይቻለሁ። ጋሽ ደምሴ በልጆቻቸው ማሉ፦ አልዘለልኩም። ጋሽ ገብሬ ሁለቱንም ዓይን ዓይናቸውን አዩና «ይሄ አይዋሽም። ይሄም አይዋሽም» አሉ። ቀጥለው ዱላቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። «ውሸታሙ እሱ ነው።»

በቴሌቪዥኑም ላይ ፈረዱበት። ባለቤቱ አጎቴ ስለሆኑ አንድ ቅዳሜ በነጻ ያሳዩ ተባለ። ጋሽ ደምሴ ለአቶ መኮንን ወገብ አንድ ትራስ ይስጡ ተባለ። አቶ መኮንን «ትራሱስ ያዘልላል?» ሲሉ ጋሽ ደምሴ ሳቁ፤ ተሳሳሙ። ነገሩ አለቀ። ማን አስሮጠው፣ ለምን አስሮጠው፣ ማን የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ነካ፣ ለምን ነካ፣ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፤ ዝንብ አልገባም። ሌላ ነገር ግን ገብቶ አልወጣ ብሏል።

ምክንያቱም ጋሽ ደምሴ በማግስቱ መጡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ። «የት አለች ያች ልጅ? በእኔ ምክንያት ደነገጠች» ብለው ለአጎቴ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ሰጡልኝ። ከፍራሽ የተረፈ ነው፤ ራስጌዬ ላይ አድርጌዋለሁ። አጎቴም ስሜ ስላልተነሳ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ትናንት አስመዘገቡኝ።

ጋሽ ደምሴ አሁን አዲስ ማስታወቂያ ሊያሠሩ ነው። ተምረዋል። እንደ ፊተኛው ቁጭ ብድግ የለም። አንዴ ከተቀመጡ አይነሱም፤ ቢያስሮጧቸውም የተቀመጡ ሰው ሆነው ይታያሉ። የፍራሹን ስም በትልቅ ካርቶን ጽፈው ደረታቸው ላይ ይይዛሉ። የአዲስ አበባ ባለፋብሪካዎች ይህን ብልሃት ቢሰሙ ይቀኑባቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎባቸዋል። ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ሲያጫውቷቸው ሰማሁ፦ «አስካለ እንደ እንጨት ነው የምትተኛው። እንደ እውነት የሚተኛ ሰው አጣሁ። እንዲያው ፍራሹን ወዶት፣ ደስ ብሎት የሚጋደም አንድ ሰው ባገኝ፣ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም ነበር።»

እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ ስፖንጄን አየሁ።

እንግዲህ ለማንም ያልተናገርኩት ይሄ ነው። ሰው ነበራቸው። የዚያን ቀን የካሜራውን ገመድ ይዤ የቆምኩት የፍራሹ ክምር አጠገብ ነበር። ደካ ሳለሁ የምተኛው ሰሌን ላይ ነው፤ አጎቴም ቤት ሰሌን ነው። ፍራሽ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ ሲያወሩ በመዳፌ ነካሁት። ሰመጠ። ሁሉም ወደ እሳቸው ነው የሚያየው ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጉንጬን አሳረፍኩበት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐሙስ ዕለት ካሴቱን ስከፍት ከጋሽ ደምሴ ትከሻ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ቡቺ የተኛች አንዲት ልጅ አለች። ፈገግ ብላለች። የሰው ሱቅ ውስጥ፣ የሰው ፍራሽ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ተጋድማ። ከተማው ቢያያት ስንት ቀን ያወራባት ነበር?

ያስሮጥኩት እሷን ለመደበቅ ነው። ቀዩን ቁልፍም አልተሳሳትኩም፤ አውቄ ነው የተጫንኩት። ሁለት ሽማግሌ የሚያህሉ ሰዎች በእናትና በልጅ ሲምሉ ዝም ብዬ የቆምኩትም አውቄ ነው። ፍርዱ ከመጀመሩ በፊት ጠዋት ላይ ብቻዬን ከፍቼ አንድ ጊዜ ቀስ ብዬ አየኋት። ሳላሳልፍ ያየሁት ማስታወቂያ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴ የከፈሉበትን ቦንጋ በሩጫ አየው፤ ያልከፈሉባትን አጠፋኋት።

ፍራሹ ግን፣ ስለ እውነት፣ አያዘልልም። ያስተኛል።